መያዣ ሳይወራረድ ማንም አይወጣም

ቤት ተከራይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ሰው ልጅ ጠባይ ብዙ ባይናገር ይሻለዋል። ትዳር ሰውን ያሳውቃል ይባላል፤ መንገድም ያሳውቃል፣ ገንዘብም ያሳውቃል ይባላል። አልክድም። ከአከራዩ ጋር አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧና አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ ተጋርቶ የኖረ ሰው ግን ይህን ሁሉ ትምህርት ባንድ ክፍል ጨርሶ ይወጣል። የሚወጣ ከሆነ ነው እንግዲህ።

እዚያው ግቢ ውስጥ የሚኖር አከራይ በያይነቱ ነው። የውሃ አከራይ አለ፤ ፊትዎን በታጠቡ ቁጥር ደጁ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል። የእንግዳ አከራይ አለ፤ ከገጠር የመጣብዎት የአጎትዎ ልጅ መቼ እንደሚመለስ ራሱን እንግዳውን ይጠይቀዋል። የመብራት አከራይም አለ፤ የእሱን ነገር ሳስበው ዓይኔ ስለሚጨልም ልለፈው። የኔዋ የግድግዳ አከራይ ነበሩ።

ክብርት እትዬ አስካለማርያም፣ ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ማዶ ያለው የጭቃ ቤት እመቤት፣ የምርጊት ጠቅላይ አዛዥና የሚስማር ደመኛ፣ ባላቸው አቶ ወልደሚካኤል ሲሞቱ የቀራቸው ያ ቤት ብቻ ነበር። አቶ ወልደሚካኤል የባቡር ፍሬን ያዥ ነበሩ። እንጨቱን ያቆሙት፣ ጭቃውን በእግራቸው ያቦኩት እሳቸው ናቸው፤ የኮርኒሱን አቡጀዲ ባልና ሚስት ሆነው ወጠሩት። ልጅ አልወለዱም። እትዬ ከዳር ያለችውን ክፍል ለራሳቸው ይዘው ሌሎቹን ሦስት ክፍሎች አከራዩ፤ የሚተዳደሩትም በኪራዩ ነበር።

እኔ በ1962 ዓ.ም. በጣቢያው የጭነት ክፍል ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር መሐለኛውን ክፍል ያዝኩ። ኪራዩ በወር አሥራ ሁለት ብር፣ መያዣው የሁለት ወር ነው። ሃያ አራት ብሬን ተቀብለው ከቋጠሩ በኋላ የግቢውን ሕግ ነገሩኝ። ሌላው አከራይ አሥር ዓይነት ሕግ ሲደረድር የሳቸው አንድ ብቻ ነበር። «መያዣ ሳይወራረድ ከዚህ ግቢ ማንም አይወጣም» አሉኝ። ምን ክፋት አለው ብዬ ገባሁ።

መያዣው የሚወራረደው በግድግዳው ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ሦስቱንም ክፍል ይዞራሉ። ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ቆርቆር ያደርጉና ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጣሉ። «እዚህ ጋ ሆዱ ባዶ ሆኗል» ይላሉ። ጥቁር ነገር ካዩ የላምባ ምድጃችን ጥላሸት ነው፤ እርጥበት ካዩ ገላችንን ስንታጠብ የረጨነው ነው፤ ምንም ካላዩ ደግሞ አልጋ ጋርደንበት ነው። አልጋው ይነሣል። ምርመራው የሚያልቀው ሁልጊዜ ባንድ ቃል ነበር፤ «ቤቴ እናንተ ሳትመጡ ጤነኛ ነበረ።»

ሚስማር ጨርሶ አይነሣም። ከኔ በስተግራ የምትኖረው መምህርት አስቴር አንድ ቀን የምረቃ ፎቶዋን ልትሰቅል መዶሻ ተዋሰች። እትዬ ያን ሰዓት ገበያ ነበሩ። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሁለተኛው ምት ሳያርፍ ጎመናቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ነበር። አስቴር በብዙ ድካም ያገኘችውን ምረቃ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትራሷ ሥር ይዛው ተኛች።

በቀኝ በኩል ያለው ዱሬሳ ብልጥ ነኝ ባይ ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ሚስማር ከተከለከለ ብሎ የቀን መቁጠሪያውን በሊጥ ለጠፈው። አይጥ መጣችና ከመስከረም እስከ ጥር ያለውን በላችው፤ እሱ አልበቃ ብሏት ግድግዳውንም ፈለፈለች። እትዬ ነገሩን መርምረው ፈረዱ። አይጧ የመጣችው ለሊጡ ነው፤ ሊጡ የዱሬሳ ነው፤ ስለዚህ ቀዳዳው የዱሬሳ ነው። ዱሬሳ አይጧ እሱ ሳይገባም በግቢው ውስጥ እንደነበረች ሊያስረዳ ሞከረ። «ነበረች፤ ግን ጨዋ ነበረች» አሉት። ከመያዣው ሁለት ብር ተቀነሰ።

እኔ በሰው ሲደርስ እስቅ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ቃሊቲ በኩል ግድግዳው ሲሚንቶ የሆነ ክፍል ተገኘልኝ። ሚስማር ቢመቱበት ሚስማሩ ራሱ የሚጎብጥበት ግድግዳ ነው። ደስ ብሎኝ ዕቃዬን ጠቀለልኩና መያዣዬን ጠየቅኩ። እትዬ ገብተው ዞር ዞር አሉ፤ ቆረቆሩ፤ አዳመጡ። ከዚያ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ እስከ ኮርኒሱ የሚወጣ ስንጥቅ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

ስንጥቁ አለ፤ አልዋሽም። የሰነጠቀው ግን ባቡሩ ነው። ሐዲዱ ያለው ከጓሮው አጥር ሥር ነበርና የጭነት ባቡር ባለፈ ቁጥር ብርጭቆውም፣ አልጋውም፣ አልጋው ላይ ያለነው እኛም አብረን እንንቀጠቀጣለን። ይህንኑ አስረዳሁ። እትዬ ግን ባቡሩ ወልደሚካኤል በሕይወት ሳሉም ያልፍ እንደነበር፣ ያን ጊዜ ደግሞ ቤቱ ጤነኛ እንደነበር አስታወሱኝ። ቃል ቃልን ወለደ፤ ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ።

የሰፈራችን ሽማግሌ ኦቦ ቀጀላ ነበሩ። ጣቢያውም፣ ሐዲዱም፣ እኛም የተቀመጥንበት መሬት ጥንት አባታቸው ያርሱት የነበረ ማሳ ስለሆነ፣ አከራዩንም ተከራዩንም እኩል እንደ ተከራይ ነበር የሚያዩት። ለሽምግልና ይህን የመሰለ ነገር የለም። ሁለታችንንም አዳምጠው ሲያበቁ እንደሌላው ሽማግሌ «ተዉ፣ ተካፈሉት» አላሉም። ባቡሩ ሲያልፍ ግድግዳው ምን እንደሚሆን በዓይኔ ልይ ብለው ክፍሌ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

ባቡሩ ዘገየ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚያልፈው ጭነት አሥርም ሆኖ የለም። እትዬ ተከሳሽም ከሳሽም መሆናቸውን ትተው ዳቦና ሻይ አቀረቡ። ዳቦው አልቆ ቆሎ መጣ። ኦቦ ቀጀላ በወጣትነታቸው ስለነበሯቸው በሬዎች፣ ስለ እያንዳንዱ በሬ ጠባይ በየተራ አጫወቱን። ዱሬሳ ከፋብሪካ ሲወጣ መጥቶ ተቀላቀለ፤ አስቴርም የተማሪ ደብተር ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። እትዬ በየመሐሉ ወደኔ ዞር እያሉ «ምነው ዘገየባችሁ?» ይሉኛል፤ ባቡሩን እኔ ያቆየሁት ይመስል። ለፍርድ ተሰብስበን ከጠብ ይልቅ ጨዋታው ደመቀ።

በመጨረሻ ሲጮኽ ተሰማ። መሬቱ ተናወጠ፣ ብርጭቆው ተንጫጫ፤ ከስንጥቁ ራስ ላይ የጡጫ ያህል ምርጊት ተገምሶ ወረደና ኦቦ ቀጀላ ባርኔጣ ላይ አረፈ። ረታሁ ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። እትዬ ምንም አልደነገጡም። የሽማግሌውን ባርኔጣ አንሥተው በክብር አራገፉና መልሰው ካጠለቁላቸው በኋላ ወደኔ ዞሩ።

«እሺ፣ ባቡሩ ነው። ባቡሩ የማን ነው?»

«የኩባንያው ነው» አልኩ።

«ደመወዝህንስ ማን ነው የሚከፍልህ?»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጠበቆች አውቄአለሁ፤ ይህን ጥያቄ የሚመልስልኝ አንድም አላገኘሁም። ኦቦ ቀጀላ ጢማቸውን እያሻሹ ፈረዱ። ስንጥቁ በደንብ እስኪደፈን መያዣው እትዬ ዘንድ ይቆይ፤ ምርጊቱንም የባቡሩ ወገን ይምረግ። የባቡሩ ወገን የተባልኩት እኔ ነኝ።

ጭድ ገዛሁ፣ ጭቃ አቦካሁ፣ መረግሁ። ባቡሩ አለፈ፤ ተሰነጠቀ። እንደገና መረግሁ። ያ የሲሚንቶ ክፍል ለሌላ ሰው ተከራየ፤ እኔም ሃያ አራት ብሬን ሳልቀበል ከዚህ ግቢ ንቅንቅ አልልም ብዬ ማልኩ። ዱሬሳም ለአይጧ ሁለት ብር ይኸንኑ ምሎ ነበር። አስቴር ደግሞ ለዚያች አንድ ሚስማር ከመያዣዋ በተቀነሰው ይግባኝ ላይ ነበረች። ነገሩን ሳጤነው በግቢያችን ውስጥ የምንኖረው በሙሉ ልንወጣ የነበርን ሰዎች ነን።

እዚህ ላይ ሌላውን ነገር ሳልናገር ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። በ1966 ዓ.ም. የአንጀት ተስቦ ጣለኝ። እትዬ እሑድ ግድግዳ ሊያዩ ገብተው አልጋ ላይ ስቃዥ አገኙኝ። ያን ዕለት ግድግዳውን ቀና ብለው አላዩትም። ዱሬሳን ጋሪ እንዲያመጣ ልከው ሐኪም ቤት አደረሱኝ፤ ከዚያም በኋላ ጠዋትና ማታ አጥሚት እያጠጡ፣ ላቤን እየጠረጉ አስታመሙኝ። እናቴ ሩቅ አገር ነበረችና ሥራዋን እሳቸው ሠሩላት። ብዙ ቀን ተኝቼ መጀመሪያ በእግሬ የቆምኩ ጊዜ እጄን ወደ ግድግዳው ዘረጋሁ። «ግድግዳውን አትደገፍ» አሉኝ። መዳኔን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

በዚያው ዓመት ፋብሪካው ሥራ አቁሞ ዱሬሳ ለወራት ደመወዝ አላገኘም። እትዬ ኪራይ የሚባል ነገር አላነሡበትም። እሱ ግን እያፈረ መጣና ሸክም ከምሆንብዎ ገጠር ዘመዶቼ ጋ ልሂድ አለ። «መያዣህ ሳይወራረድ የት ትሄዳለህ?» ብለው ገበታቸው አጠገብ አስቀመጡት። ሥራ እስኪገባ ድረስ ከሳቸው ማዕድ በላ። እሑድ እሑድ ግን የአይጧን ቀዳዳ ማየታቸውን አልተዉም።

ከዚያ ሐምሌ 1967 መጣ። የትርፍ ቤት አዋጅ በሬዲዮ ሲነገር ዝናብ እየዘነበ ነበር፤ ሁላችንም ዱሬሳ ክፍል ሆነን ሰማን። በየግቢው ተከራይ እልል ብሏል፤ ኪራይ ቀነሰ፣ አከራይ የሚባል ቀረ። እኛ ዘንድ እልል ያለ የለም። እትዬ የሚኖሩባት የዳሯ ክፍል ትቀርላቸዋለች፤ ሦስቱ ክፍሎች ግን ከእንግዲህ የመንግሥት ናቸው፤ ኪራዩም ለቀበሌ ነው። ጎረቤቶቻችን መያዣችሁ ቀረ፣ አፈር በላው አሉን። እኛ ደግሞ የምናስበው እትዬ ከእንግዲህ ምን እንደሚበሉ ነበር።

በዚያ ሳምንት እሑድ እትዬ አልመጡም። ከቅዳሴ ሲመለሱ አይተናቸዋል፤ ቀጥ ብለው ክፍላቸው ገቡ። ስንት ዓመት የተመኘሁት እሑድ ነበር። ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ ግድግዳው ሲቆረቆር ብሰማ ብዬ ጠበቅኩ፤ ምሳም አልበላ አለኝ።

በማግስቱ ሦስታችንንም አስጠሩን። ስንገባ ሳጥናቸው ታስሮ በሩ አጠገብ ቆሟል። አዋሽ ያለው ወንድማቸው ጋ ሊሄዱ ነው፤ ሚስቱ እንደማትወዳቸው ራሳቸው ስንት ጊዜ አጫውተውናል። መደቡ ላይ የሦስታችንም መያዣ ለየብቻ ተቀምጧል። ምንም አልተቀነሰም፤ የዱሬሳ የአይጥ ሁለት ብር ሳይቀር ተመልሷል።

«ቤቱ ከእንግዲህ የኔ አይደለም» አሉ። «የማን ግድግዳ ነው ብዬ የሰው ብር እይዛለሁ? እንካችሁ፣ ተቀበሉኝና ልሂድ።»

ሃያ አራት ብሬን አየሁት። ስንት ጭቃ ያቦካሁለት ገንዘብ ነው። እጄ ግን አልዘረጋም አለኝ። ብንቀበል በዚያ ሳምንት ባቡር ይሄዳሉ፤ በስተርጅና የሰው ቤት ጥገኛ ይሆናሉ። መጀመሪያ የተናገረችው አስቴር ናት። ክፍሏ ገና ስላልተመረመረ መያዣዋን መቀበል አትችልም። ዱሬሳ ወዲያው ገባው፤ አይጧ እንዳልሞተችና ሌላ ቀዳዳ እንደጀመረች አመለከተ። እኔም ስንጥቁ እዚያው እንዳለ አስታወቅኩ። እትዬ አንድ በአንድ አዩን። አሾፋችሁብኝ ብለው ተቆጡ፤ ተቀበሉ አሉ፣ አንቀበልም አልን፤ ተቀበሉ አሉ፣ አንቀበልም አልን። ኦቦ ቀጀላ በዝናብ ተጠሩ።

በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ክስ ሰምተው አያውቁም። ከሳሽ አከራይ ናት፤ የምትከሰው ተከራዮቿ መያዣቸውን አንቀበልም ስላሏት ነው። ኦቦ ቀጀላ ሳጥኑን አዩት። ብሩን አዩት። ከዚያ ወደኔ ክፍል ሄደው ስንጥቁን ከታች እስከ ላይ በከዘራቸው ተከተሉትና ተመልሰው ተቀመጡ።

«አስካለማርያም፣ የዚህን ግቢ ሕግ ያወጣሽው አንቺ ነሽ» አሉ። «መያዣ ሳይወራረድ ከዚህ ማንም አይወጣም። ይህ ግድግዳ ዛሬም ስንጥቅ ነው። ክረምት ስለሆነ ጭቃ አይደርቅም። መስከረም ሲጠባ ይመረጋል፤ እስከዚያ መያዣው አልተወራረደም።»

«ሕጉ እኮ ለተከራይ ነው ኦቦ ቀጀላ» አሉ እትዬ።

«አሁንስ አንቺ ከተከራይ በምን ትሻያለሽ?» አሏቸው ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ግን ለስላሳ ነበር።

እትዬ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኛ መሬት መሬት አየን። ከነጠላው ሥር «በምን ልኑር?» ሲሉ ሰማናቸው። ሁላችንም ስንፈራው የነበረው ጥያቄ ይህ ነበር። አስቴር አስባበት ኖሮ ሳትቸኩል መለሰች። ሦስታችንም ሆቴል ከምንበላ ከሳቸው ዘንድ በወር ኮንትራት ብንበላ፣ ዱሬሳም ከፋብሪካ ሌላ ሁለት ሦስት ሰው ቢያመጣ፣ እኔም ከጣቢያው ብጨምር፣ ለሳቸው የሚተርፍ ገንዘብ ነው። እጃቸው ደግሞ በሰፈሩ የታወቀ ነው። ዱሬሳ ለወራት የበላ ምስክር ነበርና መሰከረ።

ነጠላው ከፊታቸው ወረደ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ኦቦ ቀጀላም ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ይጠብቃሉ። ከዚያ እትዬ ቀና ብለው ሦስታችንን በተራ ተመለከቱን፤ እሑድ እሑድ ግድግዳውን በሚያዩበት ዓይን ነው ያዩን።

«ሳህን ብትሰብሩስ?» አሉ። «ለሳህኑ መያዣ ስንት ታስይዛላችሁ?»

ሳጥኑን የፈታነው እኔና ዱሬሳ ነን።

እትዬ አስካለማርያም ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት በዚያች ክፍል ኖሩ፤ የጣቢያው ሠራተኛ ግማሹ ከሳቸው እጅ በልቷል። ቀበሌ ኪራዩን ይቀበላል እንጂ ግድግዳውን መጥቶ አላየም። እሳቸው ግን ቤቱ የመንግሥት ነው ብለው አንድ እሑድ አልቀሩም። መስከረም በጠባ ቁጥር እኛ እንመርጋለን፤ ባቡሩ ያልፋል፤ ስንጥቁ ይመለሳል። ባለቤቴን ያገባሁት፣ የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት እዚያው ነው፤ ሕፃኗን አቅፈው ሲያስተኙ እንኳ በሌላው እጃቸው ግድግዳውን ይዳብሱ ነበር። ኦቦ ቀጀላ የመጨረሻ ክሳችንን ሳይሰሙ እትዬን በሞት ቀደሟቸው። እትዬን በአቃቂ ስንቀብር ከሩቅ የመጣውን ዘመድ እንደ ልጅ ሆነን የተቀበልነው እኛ ሦስታችን ነን።

አሁን የምኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው የብሎኬት ነው፤ ባቡርም አያልፍበትም። ሚስማር የፈለግኩትን ያህል እመታለሁ፤ የሚጠይቀኝ የለም። እግዚአብሔር የእትዬን ነፍስ ይማር፤ ታምሜ ያዳኑኝ፣ ለመውጣት ስጣደፍ ይዘው ያስቀሩኝ፣ ቤት ማለት ምን እንደሆነ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ሃያ አራት ብሬ ዛሬም እሳቸው ዘንድ ነው። እዚያው ይቆይልኝ።